ሕመም ለማይሰማው እግር የሚሰፋ ጫማ

ስለ እጅ ሥራ ለወጣቶች የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዐይነት ነው፤ ሥራህን አሳምረህ ብትሠራ ደንበኛ ይበዛልሃል፤ ስምህ ይጠራል፤ ኪስህም አይጎድልም ይባላል። እኔም ይህን በተማሪነቴ ጊዜ ሰምቼ በቃሌ ይዤው ነበር፤ ለታናናሾቼም ደጋግሜ ነግሬአለሁ። ዛሬ ግን ልነቅፈው ተነሥቻለሁ። ምክሩ ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ሥራን የማሳመርን ምክንያት ሁሉ በገዢው ዐይን ላይ ስለሚጥለው፣ ገዢው የማያየው ነገር ሲመጣ ሠራተኛውን ያለ ምክንያት ይተወዋል።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ አንድ ጥንድ ጫማ ነው። ስሙን ከማልጠራው ሱቅ ጥቁር የቆዳ ጫማ ገዛሁ፤ ላዩ ያብረቀርቃል፤ ስፌቱም የተስተካከለ ነው። በሦስተኛው ቀን ከተረከዜ በታች አንዲት ምስማር ብቅ አለች። እግሬ ወዲያውኑ ጮኸ፤ እኔም እያነከስሁ ጫማውን መልሼ ወሰድሁት። ሰፊው ከምስማሯ በላይ ቁራጭ ቆዳ ለጠፈና «ከእንግዲህ አይሰማዎትም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አልተሰማኝም። ምስማሯ ግን እዚያው ነበረች።

«አይሰማዎትም» የሚለው ቃል በኮልፌ ቀራንዮ ከባድ ትርጉም አለው። በዚያ፣ ዘነበ ወርቅ በሚባለው ሰፈር፣ የአለርት ሆስፒታል ይገኛል። ቦታው ከጣልያን ወረራ በፊት ጀምሮ የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበት ሲሆን፣ የሰፈሩም ስም በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም ከተጠራው ሆስፒታል የመጣ ነው። አለርት በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም ከአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ባለሙያዎች ስለ በሽታው የሚሠለጥኑበት ማዕከል ሆነ። በግቢውም ውስጥ ከሐኪሙና ከነርሷ ጋር ጫማ ሰፊው የሥራ ቦታ ነበረው።

ሆስፒታል በጫማ ሰፊ ምን ያደርጋል? የሥጋ ደዌ ጀርም ነርቭን ይጎዳል፤ የተጎዳውም እግር ሕመም አይሰማውም። ብዙ ዘመን ሰዎች የታማሚው ጣት በራሱ በስብሶ የሚወድቅ ይመስላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሕንድ አገር በቬሎር የሠራው ፖል ብራንድ የተባለ ሐኪም ግን ቁስሉን የሚያመጣው ሕመም አለመሰማቱ መሆኑን አስረዳ፤ ሰውየው በእሾህ፣ በጠጠር፣ በምስማር ላይ ሳያውቀው ይራመዳል፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ አጥንት ድረስም ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 እንዲሰጥ የመከረው ጥምር መድኃኒት በሽታውን ያድናል፤ ዘግይቶ ለመጣ ሰው ግን የሞተ ነርቭ አይመለስለትም። ከበሽታው ድኖ ዕድሜ ልኩን በማይሰማ እግር የሚሄድ ሰው ብዙ ነው።

እንግዲህ ለእንዲህ ዐይነቱ እግር የሚሰፋውን ጫማ፣ ሌላው ሰው መጽሐፍ እንደሚተች፣ እኔም ልተቸው። በመጀመሪያ ምስማር አይገባበትም፤ የሚያያዘው በማጣበቂያና በስፌት ነው። ስፌቱም እግሩን በሚነካበት በኩል ጉብታ ሊኖረው አይገባም። ውስጡ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች ያሉት ለስላሳ ጎማ ይነጠፍበታል፤ ይኸውም የሰውነት ክብደት በአንድ ነጥብ ላይ እንዳያርፍና በመላው መርገጫ ላይ እንዲዳረስ ነው። የታችኛው ሶል ደግሞ እሾህ እንዳያሳልፍ ጠንካራ ይሆናል። የተረከዝ ማሰሪያም ያስፈልገዋል፤ ጫማው ከእግር ቢወልቅ ባለቤቱ አይሰማውምና። ማሰሪያው ጣቶቹ ለደከሙ ሰው የሚመች መሆን አለበት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጫማው ማማር አለበት። ይህን መጀመሪያ ላይ ስሰማ ቅንጦት መስሎኝ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ቅርጹ ከሌላው ሰው ጫማ የተለየ ከሆነ በሽታውን በመንገድ ላይ ያውጃል፤ ባለቤቱም አፍሮ አልጋ ሥር ይጥለውና በባዶ እግሩ ወይም በማይሆን ጫማ ይሄዳል። ውበቱን የናቀ ሰፊ የቀረውን ሁሉ በትክክል ቢሠራም እንኳ እግሩን አላዳነም። ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ጫማ መንገደኛው አይቶ ምንም ሳይገርመው የሚያልፈው ነው።

አሁን ወደ ነቀፍሁት ምክር ልመለስ። የዚህ ጫማ ፈራጅ ማን ነው? ባለ ጫማው መጥፎውንም ጥሩውንም በእኩል ያመሰግናል፤ ምስማር ቢኖርበት እግሩ አይጮኽለትም። ቁስሉ ከቆየ በኋላ ብቅ ሲል ደግሞ ጥፋቱ በበሽታው ይሳበባል እንጂ የሰፊውን ስም የሚያነሣ የለም። ሰፊው ቢቸኩል ደንበኛ አይቀንስበትም፤ ቢጠነቀቅም ስሙ አይጠራም። ሆኖም ጠንቃቃው ሰፊ ጫማውን ከማስረከቡ በፊት እጁን ወደ ውስጥ አስገብቶ ከጣት እስከ ተረከዝ በቀስታ ይዳስሰዋል። እግሩ ሊሰማው የማይችለውን የሰፊው ጣት አስቀድሞ ይሰማዋል። ይህን ለማስረዳት ስለ ደንበኛና ስለ ኪስ የሚናገረው ምክር አንድ ቃል እንኳ የለውም።

በአገራችን ቆዳ የሚሠራው፣ ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው ሲሰደብ ኖሮአል፤ ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አውጥተዋል። ዛሬ ስድቡ ቢቀንስም ሌላ መናቅ አለ፤ እርሱም አዘኔታ ነው። በአለርት ዙሪያ በሥጋ ደዌ የተጎዱ ሰዎች የሚጠልፉት ጥልፍ የታወቀ ነው። ጥልፉን ሳይመረምር «ምስኪኖች ናቸው» ብሎ የሚገዛ ሰው ለጋስ ይመስለዋል፤ እኔ ግን ሠራተኛዋን የሰደበ ይመስለኛል፤ ሥራዋን አላየላትምና።

እኔም አንድ ቀን እንዲህ ካለው ጥልፍ አንዱን አንሥቼ ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን ለማየት ፈለግሁ፤ የክሩ ቋጠሮ የሚደበቀው በዚያ በኩል ነውና። ባለ ጥልፏን እንዳላስቀይማት ፈርቼ እጄን ሰበሰብሁ። እርሷ ግን ጨርቁን ከእጄ ወሰደችና ራሷ ገልብጣ፣ ወደ ብርሃን አስጠግታ ያዘችልኝ።