ትእዛዙ የማን ነው? ስለ ድርጅት መተግበሪያዎች ሥርጭት የቀረበ ትችት

አንድ የንግድ ድርጅት ለሠራተኞቹ ስልክ ወይም ታብሌት ገዝቶ ያድላል፤ በላዩም ዕቃ የሚቈጠርበትን፣ የደንበኛ ትእዛዝ የሚመዘገብበትን፣ ሒሳብ የሚወራረድበትን መተግበሪያ ይጭናል። መተግበሪያ ደግሞ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚቀር ነገር ስላልሆነ በየጊዜው አዲስ እትም ይወጣለታል። ያ አዲስ እትም ከፕሮግራም ሠሪው እጅ ወጥቶ በሺሕ በሚቈጠሩ መሣሪያዎች ላይ የሚደርስበት መንገድ ዛሬ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖአል፤ ለዚሁ የተሠሩ የማስተዳደሪያ ሥርዓቶችም በገበያ ይሸጣሉ። የሻጮቹ ውዳሴ አንድ ዐይነት ነው፤ አስተዳዳሪው ከወንበሩ ሳይነሣ፣ በአንድ ትእዛዝ፣ መተግበሪያውን በሁሉም ስልክ ላይ ይጭናል፣ ያሻሽላል፣ ያነሣል ይላሉ።

ይህ ውዳሴ ሐሰት ነው አንልም። አንድ ሺሕ ስልክ ከየቦታው እየሰበሰቡ አንድ በአንድ መጫን ምን ያህል ቀን እንደሚፈጅ ለማወቅ ሒሳብ ዐዋቂ መሆን አያስፈልግም። የምንተቸው ሌላ ነገር ነው። «በአንድ ትእዛዝ» ሲባል ትእዛዙን ማን እንደሚሰጥ፣ ማንስ ሊሽረው እንደሚችል፣ የማይመለከተው ሰው ቢሰጠውም ምን እንደሚደርስ አይነገርም። ለማደል የተዘረጋው መንገድ ለመንጠቅም ያው መንገድ መሆኑን ገዢው ድርጅት ብዙ ጊዜ የሚረዳው ከተነጠቀ በኋላ ነው። ለዚህ ማስረጃ የሚሆኑ ሁለት ድርጊቶችን እናቀርባለን፤ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው የሆነው በ2019 ነው። ተራው ሕዝብ የአይፎን መተግበሪያ በብዛት የሚያገኘው አፕል ራሱ ከሚመረምርበት መደብር እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ነገር ግን የራሳቸውን መተግበሪያ ለራሳቸው ሠራተኞች ብቻ ለማደል ለሚሹ ድርጅቶች አፕል ሌላ በር ከፍቶአል። 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት በዓመት 299 ዶላር ከፍሎ፣ ማመልከቻው ከተፈቀደለት፣ የምስክር ወረቀት ይቀበላል፤ መተግበሪያውን በዚያ እየፈረመ መደብሩ ሳይመረምርበት በሠራተኞቹ ስልክ ላይ ይጭናል። ወረቀት ስንል በኮምፒዩተር የሚነበብ ማኅተም ማለታችን ነው። ማኅተሙ ከተሻረ ስልኩ መተግበሪያውን አይከፍትም።

ፌስቡክ ይህን ማኅተም ለውስጥ ሥራው ሲጠቀምበት ሳለ፣ ከድርጅቱ ውጭ ላሉ ሰዎችም አዋለው። ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 35 ለሆኑ ሰዎች በወር እስከ 20 ዶላር እየከፈለ፣ በስልካቸው የሚያደርጉትን የሚከታተል የምርምር መተግበሪያ አስጫናቸው። ነገሩ ጃንዋሪ 29 ቀን ቴክክራንች በተባለው የዜና ማሰራጫ ተገለጠ፤ በማግሥቱም አፕል ማኅተሙን ሻረው። የቆመው ግን የምርምሩ መተግበሪያ ብቻ አልነበረም፤ በዚያው ማኅተም የተፈረመው ሁሉ አብሮ ቆመ። የሠራተኞች ማመላለሻ አውቶቡስ የሚታይበት፣ የምሳው ዝርዝር የሚነበብበት፣ ገና ለሕዝብ ያልወጡት የፌስቡክና የኢንስታግራም እትሞች የሚፈተኑበት ሁሉ አልከፈት አለ። በዚያን ጊዜ የድርጅቱ ሠራተኞች ቍጥር ከ35,000 በላይ ነበር። ጉግልም ተመሳሳይ ጥፋት ተገኝቶበት ጃንዋሪ 31 ቀን ተመሳሳይ ቅጣት ደረሰበት። የሁለቱም ማኅተም ወዲያው ተመለሰ።

አፕል ያለ ጥፋት ቀጣ አንልም፤ ውሉ ማኅተሙ ለሠራተኞች ብቻ እንዲውል ያዝዝ ነበርና። ለፌስቡክ ጠበቃ ለመሆንም ብዕር አላነሣንም። የሚያሳስበን ከጥፋቱ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሠራተኛ ጧት አውቶቡሱን ማየት አለመቻሉ ነው። ደግሞስ ፌስቡክ በአንድ ቀንና በሁለት ቀን ውስጥ ከአፕል ሹማምንት ጋር ተነጋግሮ ማኅተሙን ለማስመለስ የሚችል ድርጅት ነው። መቶ ሃምሳ ሠራተኛ ያለው የመድኀኒት አከፋፋይ ተመሳሳይ ነገር ቢደርስበት ለማን ይጮኻል? ከዚህም ሌላ ያለ ቅጣት የሚደርስ መዘጋት አለ። ከማኅተሙ ጋር የሚሰጠው የፈቃድ ሰነድ በ12 ወር ያበቃል፤ ሰነዱን ያድስ የነበረው ሰው ሥራ ለቆ ሄዶ ሌላ ማንም ካላስታወሰ፣ አንድ ቀን መተግበሪያው በሁሉም ስልክ ላይ አይከፈትም። ስልኮቹን የገዛው ድርጅቱ ነው፤ መተግበሪያውን ያሠራውም እርሱ ነው። በመካከላቸው ያለው ፈቃድ ግን የኪራይ ቤት ነው።

ሁለተኛው ድርጊት የደረሰው በትምህርት ቤት ነው፤ የማስተዳደሪያው ዘዴ አንድ ስለ ሆነ ግን የንግድ ድርጅትንም ይመለከታል። በኦገስት 2024 አንድ ያልተፈቀደለት ሰው ሞባይል ጋርዲያን የተባለውን የመሣሪያ ማስተዳደሪያ ሥርዓት ሰብሮ ገባ። በሲንጋፖር በ26 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ 13,000 ያህል ተማሪዎች በመሣሪያቸው ላይ የነበረው ሁሉ ከሩቅ ተደመሰሰባቸው። የአገሪቱ ትምህርት ሚኒስቴርም ሥርዓቱን ከተማሪዎቹ መሣሪያዎች ሁሉ ላይ አስነሣ። ማስታወሻውን በሌላ ስፍራ ያላስቀመጠ ተማሪ ምን እንደ ተሰማው ፈተና የደረሰበት አንባቢ ይገምተው። ሰባሪው በየስልኩ መግባት አላስፈለገውም፤ በእጁ የገባው ሥርዓት የመደምሰስ ሥልጣን ቀድሞውኑ ነበረው። የተፈለገው ስልክ በጠፋ ወይም በተሰረቀ ጊዜ የድርጅቱን ምስጢር ለማዳን ነበር። ያ ሥልጣን 13,000 መሣሪያ በአንድ ጊዜ እንዳይደመስስ የሚያግደው ገደብ፣ የሁለተኛ ሰው ፊርማ የሚጠይቅበት ደንብ ለምን አልተሠራለትም ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ባንኮች እንኳ ከፍ ያለ ገንዘብ በአንድ ሰው ፊርማ አያወጡም።

ይሁን እንጂ ሁሉን በአንድ ሚዛን መመዘን አይገባም። በ2014 በወጣው አንድሮይድ 5.0 አንድ ስልክ በሁለት የተከፈለ ክፍል እንዲኖረው ተደርጎአል፤ ስልኩ የሠራተኛው የግል ንብረት ከሆነ ድርጅቱ የሚያዝዘውና የሚደመስሰው የሥራውን ክፍል ብቻ ነው፤ የሠራተኛው የልጆች ፎቶግራፍ በሌላው ክፍል ይቀራል። አፕልም በ2019 ተመሳሳይ ሐሳብ ተቀብሎ፣ ሠራተኛው በግል ስልኩ ሲመዘገብ ድርጅቱ ስልኩን በሙሉ ሊደመስስ እንዳይችል አደረገ። እነዚህን እናመሰግናለን። ያስመሰገናቸውም ለአስተዳዳሪው ተጨማሪ ኀይል መስጠታቸው ሳይሆን ኀይሉን መቀነሳቸው ነው፤ በሻጮቹ ማስታወቂያ ውስጥ ግን ብዙ ቦታ የሚይዘው መጨመሩ ነው።

አሁን ወደ ዕለታዊው ሥራ እንመለስ። እዚህ ላይ ማንም አይሰብርም፣ ማንም አይቀጣም፤ ግን ሠራተኛው ይጎዳል። በጉግል ፕሌይ በኩል ለድርጅት የሚታደል መተግበሪያ፣ አስተዳዳሪው ሌላ ካላዘዘ በቀር፣ በራሱ የሚሻሻለው አራት ነገር ሲሟላ ነው፤ ስልኩ በፍጆታ ከማይከፈልበት መስመር ጋር ሲገናኝ፣ ቻርጅ ላይ ሲሰካ፣ ማንም ሳይነካው ሲቀር፣ መተግበሪያውም ተከፍቶ በማይገኝበት ጊዜ። ይህ ደንብ የተጻፈው ማታ ቤቱ ገብቶ ስልኩን ሰክቶ ዋይፋይ እየሠራ ለሚተኛ ሰው ነው። በአገራችን ከትላልቅ ከተሞች ወጣ ብሎ ከሱቅ ወደ ሱቅ እየዞረ ትእዛዝ የሚቀበል የሽያጭ ሠራተኛ ኢንተርኔት የሚያገኘው በሚገዛው ፓኬጅ ነው፤ መብራትም ሲሻው ይመጣል ሲሻው ይሄዳል። እንዲህ ላለው ሰው አራቱ ነገሮች በአንድነት የሚገናኙበት ሌሊት ብርቅ ነው። ስለዚህ ዋናው መሥሪያ ቤት አዲሱን ዋጋ የያዘ እትም አውጥቶ ሳለ፣ እርሱ በአሮጌው ዋጋ ይሸጣል፤ ልዩነቱን ማን እንደሚከፍል ለመገመት አያስቸግርም።

አስተዳዳሪው ይህን አይቶ «ቅድሚያ ይሰጠው» የሚለውን ትእዛዝ ቢመርጥስ? ያን ጊዜ ስልኩ እነዚያን አራት ነገሮች ሳይጠብቅ፣ ከኢንተርኔት ጋር እንደ ተገናኘ ያሻሽላል። ዋጋው ይስተካከላል፤ ነገር ግን ሠራተኛው ለቀኑ የገዛው ፓኬጅ በማሻሻያው ያልቃል። ሦስተኛው ምርጫ ማሻሻያውን እስከ 90 ቀን ማዘግየት ነው። ከሦስቱ አንዱም ሠራተኛውን «ዛሬ ይመችሃል ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። የሽያጭ ሠራተኛው የፓኬጅ ወጪ በድርጅቱ ሒሳብ ውስጥ መግባት አለበት የምንለው ስለዚህ ነው፤ እስካልገባ ድረስ የሥርጭቱን ወጪ የሚሸከመው ደመወዙ ከሁሉ የሚያንሰው ሰው ነው።

የተሳሳተ እትም ከወጣ በኋላ መመለስም እንደሚወራው ቀላል አይደለም። በጉግል ፕሌይ የእትሙ ቍጥር ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይሄድም። ሥርጭቱን ማቆም ይቻላል፤ የደረሰው ስልክ ግን ከነስሕተቱ ይቀራል፤ መድኀኒቱም ከፍ ያለ ቍጥር ያለው ሌላ እትም አዘጋጅቶ መላክ ነው። እርሱም ቢሆን እነዚያኑ አራት ነገሮች ይጠብቃል። ስለዚህ በጥቂቱ ጀምሮ ቀስ በቀስ ማስፋት ይመከራል። አፕል በሕዝብ መደብሩ በ7 ቀን ውስጥ ከመቶ 1፣ 2፣ 5፣ 10፣ 20፣ 50፣ በመጨረሻም 100 እያለ ያዳርሳል። ይህን ቸል ማለት የሚያስከትለውን በጁላይ 2024 ዓለም አይቶአል፤ ነገሩ የስልክ ባይሆንም፣ ክራውድስትራይክ የተባለው ኩባንያ አንድ የተበላሸ ፋይል ደረጃ በደረጃ ሳይል አሰራጭቶ በ78 ደቂቃ ውስጥ ቢመልሰውም፣ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ተጎድተዋል።

ነገር ግን «ከመቶ አንዱ» ማን ይሁን? አስተዳዳሪው ቡድኑን ራሱ በሚመርጥበት ጊዜ ቅርብ ስለ ሆኑለት የዋናውን መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ይመርጣል። እነርሱ ዋይፋይ አላቸው፤ ስልካቸው አዲስ ነው፤ ቻርጅ የሚሰኩበትም ጠረጴዛቸው አጠገብ ነው። ሙከራውም ሁልጊዜ ያልፋል። በእኛ አስተያየት በመጀመሪያው ቡድን ውስጥ መግባት የሚገባቸው ስልካቸው ያረጀ፣ መስመራቸው የደከመ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት የራቁ ጥቂት ሠራተኞች ናቸው፤ ይኸውም ፓኬጁ በድርጅቱ ተከፍሎላቸው፣ እትሙም ካስቸገራቸው ወዲያው ደውለው ሥርጭቱን የማስቆም መብት ተሰጥቶአቸው።