ድስት ጠጋኝ የሠራው መንገድ

ከሆሳዕና መናኸሪያ መንገዱ ይበተናል። አንዱ በወራቤና በቡታጅራ አድርጎ አዲስ አበባ ይገባል፤ ሌላው ወደ ዱራሜ፣ ሌላው ወደ ወላይታ ሶዶ ይሄዳል። ተሳፋሪው መድረሻውን ይመርጣል። በእንግሊዛዊው ደራሲ በጆን ቡንያን መጽሐፍ ውስጥ ግን መንገዱ አንድ ነው። ክርስቲያን የሚባል ሰው ከጥፋት ከተማ ተነሥቶ ወደ ሰማያዊቱ ከተማ ይጓዛል። መንገዱ ቀጥ ያለና ጠባብ ነው። የሚያስወጣ ቀዳዳ ግን በየቦታው አለው። ደራሲው ጥበቡን ያፈሰሰው በዚህ መንገድ ጠርዝ ላይ ነው።

አንበሶቹን እንውሰድ። ክርስቲያን የሚያድርበት ቤት በር ላይ፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት አንበሶች አሉ። ሁለቱም ታስረዋል፤ ሰንሰለቱ ግን አይታየውም። በረኛው መካከሉን ይዞ እንዲሄድ ይነግረዋል። ክርስቲያን እየተንቀጠቀጠ ያልፋል፤ አንበሶቹ ያገሳሉ፣ አይደርሱበትም። የሰንሰለቱ ርዝመት በመንገዱ ስፋት ተለክቷል ማለት ነው። ዝቅ ብሎ ያለው የሞት ጥላ ሸለቆም እንዲሁ ነው፦ በስተቀኝ ጥልቅ ቦይ፣ በስተግራ ረግረግ፣ መካከሉ ጠባብ፣ ጊዜው ጨለማ።

ቡንያን የመለካት ልማድ ከየት እንደመጣለት መገመት አይከብድም። እ.ኤ.አ. በ1628 በቤድፎርድ አጠገብ ኤልስቶ በምትባል መንደር ተወለደ። ሙያው የተበሳ ድስትና ምጣድ መጠገን ነበር። ስሙና 1647 የሚል ዓመት የተቀረጸበት መስፍ ዛሬም ቤድፎርድ ውስጥ ይታያል። የተማሩት ሰዎች በሙያው ይንቁት ነበር። ሀዲያና ከምባታን ጨምሮ በብዙ የአገራችን ክፍል ብረት ቀጥቃጩ ከማኅበሩ ማዕድ ርቆ እንደኖረ የሚያውቅ አንባቢ የዚህ ንቀት ክብደት አይጠፋውም። ያለ ፈቃድ ሰብከሃል ተብሎ ከ1660 እስከ 1672 ታሰረ። አልሰብክም ቢል ይፈቱት ነበር። መጽሐፉ ለንደን ላይ የታተመው በ1678 ነው።

ክርስቲያን በጀርባው ያዘለው ሸክም የሚወድቅበትን ቦታ ልብ በሉ። ሌላ ጸሐፊ ቢሆን ለመጨረሻው ምዕራፍ ያቆየው ነበር። ቡንያን ገና ከመጀመሪያው ግድም፣ መስቀሉ ሥር ያወርደዋል። ክርስቲያን ገመዱን አይፈታም፤ ሸክሙ ራሱ ከጀርባው ተላቆ እየተንከባለለ መቃብር ውስጥ ይገባል። በምትኩ ማኅተም ያለበት ጥቅል ጽሑፍ ይሰጠዋል፤ ይህም የመግቢያ ወረቀቱ ነው። ጉያው ውስጥ ያኖረዋል። ከዚያ በኋላ በሚወጣው አቀበት ወገብ ላይ ባለ ዳስ ውስጥ እንቅልፍ ሲወስደው ይወድቅበታል። ከላይ ደርሶ ሲያጣው ይመለሳል። ያንኑ አቀበት እንደገና ይወጣል፤ አንድ ጊዜ መሄድ የነበረበትን መንገድ ሦስት ጊዜ ረገጠው።

የጥርጣሬ ግንብ የሚባለው ክፍል ለእኔ የሥራው ቁንጮ ነው። መንገዱ እግራቸውን ስለጎዳው ክርስቲያንና ባለ ተስፋ የሚባለው ጓደኛው አጥር ተሻግረው ለስላሳውን መስክ ይይዛሉ። ተስፋ መቁረጥ የሚባል ግዙፍ ሰው ይይዛቸውና ግንቡ ውስጥ ያስራቸዋል። ከረቡዕ ጧት እስከ ቅዳሜ ማታ ያለ ምግብ፣ ያለ ውኃ፣ ያለ ብርሃን ይቆያሉ። ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ግድም መጸለይ ይጀምራሉ። ሊነጋ ሲል ክርስቲያን ከጉያው ቁልፍ እንዳለው ትዝ ይለዋል። ስሙ የተስፋ ቃል ነው። በሮቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው መወርወሪያ ወዲያው ይመለሳል። ወደ ግቢው የሚያወጣውም ይከፈታል። ሦስተኛው የብረት በር ነው፤ መቆለፊያው ክፉኛ ይጠነክራል፣ በግድ ይዞራል። በሩ ሲጢጥ ሲል ግዙፉ ይነቃል። ስብከት ብቻ የሚጽፍ ሰው ሦስቱንም በር በአንድ ጊዜ በከፈተው ነበር። ብረት የነካ ሰው ግን ትክክለኛ ቁልፍም ቢሆን እንደሚጠነክር ያውቃል።

ካመለጡ በኋላ አጥሩ መሻገሪያ አጠገብ ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት ዓምድ ይተክላሉ። ጠጋኝ የተበሳውን አይቶ አያልፍም።

ጉያ እንደገና የሚመጣው መጨረሻው ገጽ ላይ ነው። አላዋቂ የሚባለው መንገደኛ በጀልባ ወንዝ ተሻግሮ ሰማያዊው በር ላይ ይደርሳል። የመግቢያ ወረቀት ይጠየቃል። ጉያውን ይዳብሳል፤ ምንም የለም። ከብዙ ገጽ በፊት የተቀመጠው ነገር እዚህ ገጠመ።

መጽሐፉ በአማርኛ ሲነበብ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት ‹ወዳጄ ልቤ› የቡንያን ጥላ እንዳለበት ተጽፏል። ሆሳዕና አካባቢ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1928 ሲሆን፣ ከእነርሱ ሥራ የወጡት ምእመናን ደግሞ በደርግ ጊዜ ቤተ ክርስቲያናቸው ሲዘጋ አይተዋል። የእስር ቤቱን ምዕራፍ ሆሳዕና ላይ ለአንባቢ ማብራራት አያሻም።

አሳጥረው የሚያትሙት ሰዎች ንግግሩን ይቀንሳሉ፤ ያ ይሁን። ቅጂ ስትገዙ ግን የግንቡን ምዕራፍ ገልጣችሁ የብረቱ በር መቆለፊያ ጠንክሮ እንደሆነ ተመልከቱ። በሮቹ በአንድ ዓረፍተ ነገር ከተከፈቱ ሌላ ቅጂ ፈልጉ።