ታይቶ ያልተጠየቀ ሰው

ሕመምንና ረሃብን ለሕዝብ የሚያቀርብ ሥራ፣ ፊልምም ይሁን የጽሑፍ ዘገባ፣ ባስፈሰሰው እንባ ብቻ ሊመዘን አይገባውም። ሌላም ሚዛን አለው፤ ይኸውም መከራውን የተሸከመው ሰው በሥራው ውስጥ ምን ቦታ ተሰጠው የሚለው ጥያቄ ነው። ስለ እርሱ ይነገርለታል ወይስ እርሱ ራሱ ይናገራል?

ለዚህ ምርመራ በኮረም የተነሣው የቴሌቪዥን ዘገባ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ያነሣው፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ የተረከው ይህ ሥራ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ ታየ፤ ከዚያም ከ400 በሚበልጡ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ። በቅርጹ ረገድ የተዋጣለት ነው። ካሜራው በብርዳማው ንጋት በሜዳው ላይ በተኮለኮለው ሕዝብ መካከል ሳይጣደፍ ያልፋል፤ ትረካውም ቁጥብ ነው። ያስገኘው ውጤትም ቀላል አልነበረም። በየመጠለያው ረሃብ ብቻውን አልመጣም፤ በደከመው ገላ ላይ ኩፍኝ፣ ተስቦና ተቅማጥ ተደርበው ነበር። ዘገባው ያነሣሣው ርኅራኄ እህልንም መድኃኒትንም አስከትሏል፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላዴልፊያ ለተካሄደው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅትም መነሻ ሆኗል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንዲሉ፣ መከራን መግለጥ በራሱ ነውር አይደለም። ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ በወሎ የደረሰው ረሃብ፣ መደበቅ ምን ያህል ሕይወት እንደሚያስከፍል አሳይቷል። የዘመኑ መንግሥት ሊያዳፍነው የሞከረውን እልቂት ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. ባቀረበው ፊልም ለዓለም ገለጠው። ስለዚህ የሂሱ ጥያቄ «ለምን ታየ?» የሚል ሊሆን አይችልም፤ «እንዴት ታየ?» የሚል እንጂ።

በጥቅምት 13ቱ ዘገባ ውስጥ የሚደመጡት ሁለት ድምፆች ናቸው፤ አንዱ የዘጋቢው፣ ሁለተኛው ከውጭ የመጣች የአንዲት ሐኪም። በአሥር ሺዎች ከሚቆጠረው ሕዝብ መካከል ስሙን የተናገረ፣ ከየትኛው ቀዬ እንደተነሣ፣ በሬውን መቼ እንደሸጠ፣ በመንገድ ማንን ቀብሮ እንደመጣ ሲያስረዳ የሚሰማ የለም። ለሐኪሟ ጥያቄ ቀርቦላታል፤ ልጇን ለታቀፈችው እናት አልቀረበላትም። የጊዜ ማጠርና የቋንቋ ልዩነት ምክንያት ሆነው ሊጠቀሱ ይችሉ ይሆናል። ነገር ግን ሐዘኑን በሙሾ፣ ብሶቱን በእንጉርጉሮ መግለጥ የሚያውቅ ሕዝብ ድምፅ እንደሌለው ሆኖ ሲቀርብ፣ ተመልካቹ የሚያዝንለትን እንጂ የሚያውቀውን ሰው አያገኝም። ገበሬው፣ ሸማኔው፣ ቄሱና ሼሁ ሁሉ «ረሃብተኛ» በሚል አንድ ስም ይጠቀለላሉ።

ካልተጠየቀ ሰው የተወሰደ ምስል ደግሞ ባለቤት እንደሌለው ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራል። የዲምብልቢ ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀነባብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። የፖለቲካው ፍርድ የራሱ ስፍራ አለው። ይሁን እንጂ ምስላቸው ለእርዳታ ማሰባሰቢያ ከዋለ በኋላ ለሥልጣን መገርሰሻም ሲውል፣ እነዚያን የወሎ ሰዎች ማን ጠየቃቸው?

ሌላ መንገድ እንዳለ የቤላሩሷ ደራሲ ስቬትላና አሌክሲየቪች ሥራ ያሳያል። በሚያዝያ ወር 1978 ዓ.ም. የቼርኖቤል የኑክሊየር ማብላያ ከፈነዳ በኋላ፣ ወደ 10 ዓመት ገደማ የጉዳቱን ሰለባዎች ስታነጋግር ቆይታ እ.ኤ.አ. በ1997 መጽሐፍ አሳተመች። በመጽሐፉ ውስጥ በአብዛኛው የምንሰማው የተጠያቂዎችን ድምፅ ነው፤ የጠያቂዋ ድምፅ ወደ ኋላ ይላል። ከሁሉ አስቀድማ የምትናገረው የአንድ እሳት አደጋ ተከላካይ ሚስት ስትሆን፣ የምትተርከውም ስለ ጨረር መጠን አይደለም፤ በሞስኮ ሆስፒታል ስላስታመመችው ባሏና ስለ ፍቅራቸው ነው። በዚህም በሽታው ሰውየውን አልዋጠውም፤ ባልነቱ፣ ለዛውና ቁም ነገሩ ከሕመሙ ጎን ቆመው ይታያሉ።

ይህም ሥራ ቢሆን እንከን የሌለበት አርአያ ነው ማለት አይደለም። ደራሲዋ ስለ አፍጋኒስታን ጦርነት በጻፈችው ሌላ መጽሐፍ ምክንያት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ፣ ካነጋገረቻቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ሚንስክ ላይ ከስሰዋታል። የሰው ቃል በጸሐፊ እጅ ሲታረምና ሲቀናበር፣ የተናጋሪው መብት የት ላይ እንደሚያበቃ ጥያቄው ክፍት ነው። መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ የተጠየቀው ሰው ቃሉ እንዴት እንደሚውል ማወቅ ይኖርበታል።

በዚህ ረገድ የአገራችን የለቅሶ ሥርዓት ለጋዜጠኛ ትምህርት አለው። ለቅሶ የደረሰ ሰው ገብቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል እንጂ «እንዴት ሞተ?» ብሎ አይጀምርም። ሐዘንተኛው ሲፈልግ ራሱ ያወጋል። በወረርሽኝ ጊዜ ወደ ሕሙማን የሚሄድ ጠያቂም ከዚህ ያነሰ ጨዋነት ሊኖረው አይገባም። ከዚህም ሌላ አንድ የማይታይ ግፊት አለ፤ የእህልና የመድኃኒት ወረፋ የሚጠብቅ ሰው፣ ካሜራ የያዘውን እንግዳ ከእርዳታ ሰጪው ለይቶ ላያየው ይችላል። እምቢ ካለ ተራውን የሚያጣ ከመሰለው ፈቃዱ ፈቃድ አይባልም። ስለዚህ ጠያቂው ማን እንደሆነ፣ ምስሉ ለማን እንደሚታይ፣ እምቢ ማለት ሕክምናን እንደማያስቀር፣ ሰውየው በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት የሥራው የመጀመሪያ ክፍል ነው።

የኮረም ምስሎች ያስነሡት ክርክር ከንቱ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1989 የአውሮፓ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ጉባኤ የምስልና የመልእክት ሥነ ምግባር ደንብ አጽድቋል። ነገር ግን ደንብ የጠያቂን ልብ አይተካም። የኮረሙ ዘገባ ብዙዎችን ከሞት ለማትረፍ ረድቷልና ምስጋናው አይነፈገውም፤ ዕዳው ግን አብሮት ይኖራል። በዚያ ሜዳ ላይ የነበሩት ሰዎች በሚሊዮኖች ዓይን ታይተዋል፤ ምን እንደሚሉ ግን አልተሰማም። ከእንግዲህ ብዕርም ሆነ ካሜራ ይዞ ወደ ታመመ ወገን የሚሄድ ሁሉ፣ ከማንሣቱ በፊት ስም መጠየቅን ይልመድ።