«መሰለኝ» እና «አመንሁ»፤ የእስፓንኛ የአሳብ ግሦች በእንግሊዝኛ ትርጕም

ስለ ትርጕም ሥራ በተነገረ ቍጥር አስቀድሞ የሚነሣው የቅኔና የምሳሌ፣ የምግብና የልብስ ስም ችግር ነው። በአንድ አገር ብቻ የሚገኝ ነገር በሌላው አገር ቋንቋ ስም ስለማይገኝለት አስቸጋሪነቱ ለሁሉም ግልጽ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር የፈለግነው ቀላል መስለው የሚታዩትንና በየገጹ የሚመላለሱትን ቃላት ነው፤ እነዚህም ሰው ማሰቡን፣ ማመኑንና መፍረዱን የሚገልጹት ግሦች ናቸው። መዝገበ ቃላት ለእያንዳንዳቸው ፍች ያቀርባል፤ ተርጓሚውም ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው ፍቹን በእጁ የያዘ ስለሚመስለው ነው። ለምርመራችን ከእስፓንኛ ወደ እንግሊዝኛ የተመለሱ ሁለት ታላላቅ ድርሰቶችን እንመለከታለን።

እንግሊዝኛ በዕለት ንግግሩ አዘውትሮ የሚሠራበት ግሥ «ቲንክ» ነው፤ በዚህ በአንዱ ያሰላስላል፣ ይገምታል፣ አስተያየትም ይሰጣል። እስፓንኛ ግን ሥራውን ለብዙ ግሦች ያከፋፍላል። በአእምሮ የሚወጣውንና የሚወርደውን አሳብ «ፔንሳር»፣ ልብ የተቀበለውን «ክሬኤር»፣ በክርክር የሚቀርበውን አስተያየት «ኦፒናር»፣ መርምሮ መፍረድን «ሁዝጋር»፣ ለሰው በዐይኑ ወይም በኅሊናው የሚታየውን ደግሞ «ፓሬሴር» ይለዋል። ከእነዚህ ሁሉ የመጨረሻው ልዩ ጠባይ አለው። በእርሱ አነጋገር የግሡ ባለቤት ሰውየው ሳይሆን ነገሩ ነው፤ ሰውየው ነገሩ የሚታይለት ተቀባይ ብቻ ነው። ይህን ለአማርኛ አንባቢ በብዙ ቃል ማስረዳት አያስፈልግም፤ «ይመስለኛል» የምንለው ቃል አሠራሩ ይኸው ነውና። እንግሊዛዊው «አይ ቲንክ» ሲል ግን ራሱን በአሳቡ ላይ ባለቤት አድርጎ ያቆማል።

እንግሊዝኛም በጥንት ዘመን ይህን ጸጋ አላጣም ነበር። «ሚቲንክስ» የሚባለው ቃል የ«ቲንክ» ወገን መስሎ ቢታይም፣ በጥንታዊው እንግሊዝኛ መታየትንና መምሰልን ይገልጽ ከነበረ ከሌላ ግሥ የተገኘ ነው። ቃሉ በሼክስፒር ዘመን ሕያው ነበር፤ ቶማስ ሼልተን የዶን ኪሆቴን የመጀመሪያ ክፍል በእንግሊዝኛ ያሳተመውም በዚያው ዘመን፣ በ1612 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ነው። ዛሬ ግን ለጨዋታ ወይም ለጥንት ቃና ካልሆነ በቀር ማንም አይናገረውም። ስለዚህ የዘመናችን ተርጓሚ ያለው ምርጫ ወይ ጥቂት ቀዝቀዝ ያለው «ሲም»፣ ወይ ያው የተለመደው «አይ ቲንክ» ነው።

የምርጫው ውጤት ከባድ መሆኑን ሰርቫንቴስ በ1605 ያሳተመው የዶን ኪሆቴ የመጀመሪያ ክፍል ያሳየናል። ዶን ኪሆቴ አንድ ጠጕር አስተካካይ ከዝናብ ለመከለል በራሱ ላይ የደፋውን የናስ ሳፋ የማምብሪኖ የራስ ቍር ነው ብሎ ይወስድበታል። በ25ኛው ምዕራፍ ሳንቾ ይህን እንደ እብደት ቈጥሮ ሲያማርር፣ ጌታው ያው ነገር ለሳንቾ ሳፋ፣ ለራሱ የራስ ቍር፣ ለሌላው ደግሞ ሌላ ነገር ሆኖ እንደሚታይ ያስረዳዋል። ለሦስቱም የሚያገለግለው ግሥ «ፓሬሴር» ብቻ ነው። ጆን ኦርምስቢ በ1885 ባሳተመው ትርጕሙ «ሲም» የሚለውን ግሥ ለሦስቱም እኩል ደግሞ ስለ ጻፈው ሚዛኑን ጠብቋል፤ በዚህም ምስጋና ይገባዋል። ተርጓሚው ለሳንቾ «ይመስልሃል»፣ ለጌታው «አስባለሁ» ቢል ኖሮ፣ አንዱ ተታላይ ሌላው ዐዋቂ ሆኖ ሚዛኑ በፈረሰ ነበር።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። በ45ኛው ምዕራፍ በእንግዶች ማረፊያው ቤት ስለ ሳፋውና ስለ አህያው ኮርቻ ክርክር ይነሣል፤ ዶን ፈርናንዶም እያንዳንዱን በጆሮው እየጠየቀ ድምፅ ይሰበስባል። ዶን ኪሆቴ ስለ ራስ ቍሩ ቈርጦ ሲናገር፣ የኮርቻውን ነገር ግን በዚያ ለተሰበሰቡት «ፓሬሴር» ይተወዋል። ቃሉ እዚህ ላይ ግሥ ሳይሆን ስም ነው፤ አስተያየት ማለት ነው። በእስፓኝ ነገሥታት ሸንጎ አማካሪዎች በጽሑፍ የሚያቀርቡት ምክርም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። እንግሊዝኛ ከ«ሲም» የሚወጣ እንዲህ ያለ ስም ስለሌለው፣ ዐይን የሚያየውንና ሸንጎ የሚወስነውን በአንድ ቃል ያሰረው ፌዝ በትርጕሙ ይፈታል። ይህ የተርጓሚው ስንፍና ሳይሆን የቋንቋው ድኽነት ነው፤ ሐያሲ ሁለቱን ለይቶ መፍረድ ይገባዋል።

ሁለተኛው ምሳሌያችን ሚጌል ደ ኡናሙኖ በ1931 ያሳተመው «ሳን ማኑኤል ብኤኖ፣ ሰማዕት» የተባለው አጭር ልብ ወለድ ነው። ዶን ማኑኤል የሚባለው ቄስ ምእመናኑን በፍቅር ያገለግላል፤ እርሱ ራሱ ግን በትንሣኤ ሙታን ማመን አልቻለም። ሕዝቡ ጸሎተ ሃይማኖት በአንድ ድምፅ ሲደግም የርሱ ድምፅ ከዚያ አንቀጽ ላይ ሲደርስ ይጠፋል። አንሄላ የምትባለው ወጣት በኑዛዜ ጊዜ ያምን እንደ ሆነ ብትጠይቀው፣ ጥቂት አመንትቶ «ክሬኦ» ብሎ በአንድ ቃል ይመልሳል። እንግሊዝኛው «አይ ቢሊቭ» ይላል፤ ከዚህ የተሻለ ሊል አይችልም። ነገር ግን እስፓኛዊው ይህንኑ ቃል በየቀኑ እርግጠኛ ባልሆነበት ነገር ሁሉ «ይመስለኛል» ለማለት ይሠራበታል። ከዚህም ሌላ «ክሬኦ» ማለት «እፈጥራለሁ» ማለትም ነው፤ ኡናሙኖም በሌሎች ጽሑፎቹ ማመንንና መፍጠርን ያዛመደ ደራሲ ነበር። ስለዚህ በቄሱ አንዲት ቃል ውስጥ እምነትም፣ ጥርጣሬም፣ ለሕዝቡ ሲል ያልነበረውን እምነት የመፍጠር ድካምም ይሰማል። የእንግሊዝኛ አንባቢ የሚሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ከቃሉ ሌላ አገባቡም ችግር አለበት። በእስፓንኛ «ክሬኤር» በአዎንታ ሲነገር ተከታዩ ግሥ እርግጠኛውን መልክ ይይዛል፤ በአሉታ ሲነገር ግን በተለመደው አገባብ ወደ ጥርጥር መልክ ይለወጣል። ጸሐፊው በአሉታም ጊዜ እርግጠኛውን መልክ ቢያስቀር፣ ሌላው ያላመነውን ነገር እርሱ እውነት መሆኑን እንደሚያውቅ ይጠቁማል። «ጴጥሮስ ምድር ክብ መሆኗን አያምንም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር እስፓኛዊ በዚህ በሁለተኛው መልክ ቢጽፈው፣ ምድር ክብ ስለ መሆኗ ጸሐፊው ራሱ ይመሰክራል። እንግሊዝኛ ግሡን እንዲህ ስለማይለውጥ፣ ተርጓሚው አንድ ቃል ጨምሮ ካላመለከተ በቀር ምስክርነቱ ይቀራል።

እንግዲህ የእነዚህ ግሦች ቁም ነገር አሳቡን ማን እንደሚሸከመው ማሳየታቸው ነው፤ ሰውየው ይፈርዳልን፣ ወይስ ነገሩ ይታየዋል፣ ወይስ ሊያምን ይታገላል? ይህ ጥያቄ እኛንም ይመለከተናል። የእስፓንኛ ድርሰት በእንግሊዝኛ በኩል ወደ አማርኛ ሲመለስ «አይ ቲንክ» የሚለው ሁሉ «እኔ እንደማስበው» እየተባለ ቢጻፍ፣ እንግሊዝኛው ያጣውን እኛም ሳንቸገር እናጣለን። «ይመስለኛል» የሚለውን ቃል ይዘን ሰርቫንቴስን በድኻ ቃል መተርጐም አይገባንም። ስለዚህ በትርጕም ሥራ የተሰማሩ ሁሉ፣ መምህራንም ተማሪዎቻቸውን ሲያለማምዱ፣ ከግሡ ፍች አስቀድመው ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ እንዲጠይቁ እናሳስባለን።