የቮልስ የኋላ ፓራፋንጎ

የመጨረሻዋ አሮጌ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ የተመረተችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም የምናያቸው ቮልሶች ዕድሜያቸው የረዘመበት አንዱ ምክንያት ፓራፋንጎአቸው ይመስለኛል። የብዙዎቹ የዘመኑ መኪኖች የኋላ ፓራፋንጎ ከአካላቸው ጋር የተበየደ ነው፤ የቮልስ ግን በብሎን የታሰረ ስለሆነ ቁልፍ ላለው ሰው ግቢው ውስጥ ይፈታለታል። የዛገው ብሎን ዘይት ጠጥቶ ማደር አለበት፤ የቸኮለ ይሰብረዋል።

ጎማው የሚረጨው ጭቃ ከውስጥ በኩል ይከማቻል። በፓራፋንጎውና በአካሉ መካከል ያለው ማሸጊያ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ደግሞ ውኃ ያቁራል። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከስር ገፍቶ ያሳብጠዋል። እብጠቱ ከታየ ብረቱ መበላት ከጀመረ ቆይቷል።

ሐቀኛ እጅ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ዝገቱን በስቱኮ ሸፍኖ ቀለም መቀባት ቀላል ነው፤ ስቱኮ ግን እርጥበት ይመጥጣል፣ ዝገቱም ከስሩ መብላቱን ይቀጥላል። እኔ የማከብረው ብረቱ ነጭ እስኪሆን የሚፍቀውን፣ የተበሳውን ቆርጦ አዲስ ላሜራ የሚበይደውን፣ ዓይን የማያየውን የውስጡን ገጽ ሳይቀር ጸረ ዝገት የሚቀባውን ሰው ነው። ስቱኮ ከዚያ በኋላ ይመጣል፣ ያውም ስስ ሆኖ።

ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ወደ ለስላሳው መሄድ ነው። ዓይን የሳተውን ጎርበጥባጣ መዳፍ ያገኘዋል፤ ይህን የሥራውን ክፍል ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። ቀለም ተቀብቶ ሲደርቅ ፓራፋንጎው ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ከአዲስ ማሸጊያ ጋር።