ባሕር ዳር ላይ የተገኘው ካሴት

በውጭ አገር ያሉ ብዙ አድማጮች ኃይሉ መርጊያን ያወቋቸው በአንድ ካሴት ነው። ያ ካሴት የተገኘው ደግሞ እዚሁ ባሕር ዳር፣ አንድ ካሴት ቤት ውስጥ ነው። የአፍሪካ ካሴቶችን እየፈለገ መልሶ የሚያሳትመው አሜሪካዊው ብራየን ሺምኮቪትዝ ገዝቶት ሄደ፤ አዳመጠው፤ ባለቤቱን ሲያፈላልግ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዱ አገኛቸው። እ.ኤ.አ. በ1985 የተቀዳው ሥራ በ2013 «ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በተባለው አሳታሚው በኩል እንደገና ወጣ። ጋሽ ኃይሉም ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በ2018 አዲስ አልበም እስከ ማውጣት ደረሱ።

ይህ ታሪክ በተነገረ ቁጥር «የጠፋ» የሚል ቃል አብሮ ይመጣል። የጠፋ ሥራ፣ የተረሳ ሙዚቀኛ። እኔ ግን እዚህ ቃል ላይ እቆማለሁ። መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ ሲሸጥ የነበረ ዕቃ እንዴት ጠፋ ይባላል? አንድ የባሕር ዳር ነጋዴ ካሴቱን ሳይጥለው፣ ሌላ ዘፈን ሳይቀዳበት አቆይቶታል። የነጋዴውን ስም ግን ማንም አያነሳም። በሌላ በኩል እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ካሴቱ እዚያ ሲቀመጥ እኛም አልፈን አልፈን ሄደናል። አልጠፋም፤ ፈላጊ አጥቶ ነበር። ሁለቱ ነገሮች ይለያያሉ፤ ስለ ካሴት ማስቀመጥና መጣል የማስበውም ከዚህ ልዩነት ተነስቼ ነው።

መጀመሪያ ግን ሥራው ራሱ። ኃይሉ መርጊያ በሂልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው የዋልያስ ባንድ ኦርጋኒስት ነበሩ። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ለሥራ ሲሄድ እሳቸው እዚያው ቀሩ። «ሸሞንሟናዬ» የተቀዳው ይሄኔ ነው። ባንድ የለም፣ ከበሮ መቺ የለም፣ ዘፋኝ የለም። በልጅነታቸው የለመዱት አኮርዲዮን፣ ሞግና ሮድስ የተባሉት ኪቦርዶች፣ አንድ የምት ማሽን። አንዱን በአንዱ ላይ እየደረቡ ብቻቸውን ባንድ ሆኑ።

በወረቀት ሲታይ ይህ የሠርግ ቤት ኪቦርድ ይመስላል፤ ብዙዎቻችን የዚያን ዘመን ማሽን ከበሮ የምንንቀው ለዚህ ነው። ሲደመጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ማሽኑ አይቸኩልም፣ አይደክምም፤ አኮርዲዮኑ ደግሞ እስትንፋስ ያለው መሣሪያ ነው፣ አየር ይስባል፣ ይተነፍሳል። «አምባሰል» ላይ ቅኝቱ ራሱ ዜማውን ሲመራው፣ ከሥሩ ያለው ምት ፍንክች አይልም። «ሽለላ»ን ከጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን ጋር አስተያዩት። ጌታቸው የፎካሪውን ጉሮሮ በሳክስፎን አመጣው፤ ሲነፋ ጦር ሜዳ ያለ ይመስላል። በአኮርዲዮን ሲመጣ ግን ያው ሽለላ ለማንም የማይፎክር፣ ለብቻ የሚባል ነገር ይሆናል። ከአገሩ የራቀ ሰው የሚፎክረው ለማን ነው? አልበሙ ትልቅ ሥራ የሚሆነው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ድክመትም አለው፤ ምቱ ከዘፈን ዘፈን ስለሚመሳሰል በአንድ ቁጭታ ሲደመጥ መሐል ላይ ይሰለቻል።

ታዲያ ይህ አልበም ዛሬ ስልኬ ላይ ካለ፣ ካሴቱ ለምን ያስፈልገኛል? ጥያቄው ለእኔ የወሬ አይደለም። ቤተሰቦቼ ቤት ሊቀይሩ ነው፤ ሰማንያ ያህል ካሴት የያዘ ካርቶን አለ፤ የእኔ ውሳኔ ይጠበቃል። እህቴ «አንተ ኮምፒውተር ላይ አይደል እንዴ የምትውለው፣ ገልብጥና ገላግለን» ብላለች። አባቴ ምንም አላለም።

ሶፍትዌር የምሠራ ሰው ስለሆንኩ የስትሪሚንግን ጥቅም አላጣጥልም። አርቲስቱ ተቀድቶ ከተባዛ ካሴት አምስት ሳንቲም አያገኝም ነበር፤ ዳግም ኅትመቱ ግን ለጋሽ ኃይሉ ሥራ ፈጥሯል። ካሴቱም ቅዱስ ነገር አይደለም። በሰከንድ አምስት ሴንቲሜትር እንኳ የማይሞላ ክር ነው፣ ይሻግታል፣ ይጠመጠማል፣ በተጫወተ ቁጥር ይላጫል። የጣና ዳር ክረምት ደግሞ ለሻጋታ የተመቸ ነው። «የካሴት ድምፅ ይሞቃል» የሚሉትን ነገር እኔ አልቀበልም፤ የሚሞቀው ትዝታው ነው።

ችግሩ ሌላ ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ ፍለጋው። ዩኒኮድ «ሰ»ንና «ሠ»ን፣ «ሀ»ንና «ሐ»ን ለየብቻ ፊደል አድርጎ ነው የሚያውቃቸው። ፕሮግራመሩ ካላሰበበት «ገሰሰ» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ገሠሠ»ን አያገኝም። በላቲን ሲጻፍማ አንዱ ዘፋኝ ሦስት አራት ሰው ይሆናል። ዓመቱም ብዙ ጊዜ የተቀዳበት ሳይሆን ዳግም የታተመበት ነው። የግጥምና ዜማ ደራሲው፣ አቀናባሪው፣ ያጀበው ባንድ ካሴቱ ሽፋን ላይ በትንሽ ፊደል ነበሩ፤ ስልኩ ላይ አብዛኞቹ የሉም።

ሁለተኛ፣ የተመረጠው ነገር። የፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» ትልቅ ውለታ ውሎልናል፤ ግን ዋናው ትኩረቱ አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሐ ሪከርድስን ከጀመሩ በኋላ የመጣው የሸክላ ዘመን ነው። በደርግ ጊዜ ሸክላው ሲቆም ሙዚቃው ወደ ካሴት ገባ። የወላጆቻችን ሙዚቃ ይህ ነው፤ አብዛኛው በሥርዓት አልታተመም። ዩቲዩብ ላይ ካለም አንድ ሰው በራሱ ፈቃድ የጫነው ነው፤ አካውንቱ ሲዘጋ አብሮ ይሄዳል።

ሦስተኛውን የባሕር ዳር ሰው ያለ ማብራሪያ ያውቀዋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ መቋረጡም ለወራት ዘለቀ። ከዋነኞቹ የስትሪሚንግ አገልግሎቶች አንዱ ያወረድከው ዘፈን እንዲሠራ ቢያንስ በሰላሳ ቀን አንዴ ኢንተርኔት ላይ ግባ ይላል። ደንቡን የጻፈው ሰው ሰላሳ አንደኛው ቀን ላይም ኔትወርክ የማይኖርበት ከተማ ይኖራል ብሎ አላሰበም። ከፍለህ ያወረድከው ዘፈን ስልክህ ውስጥ ሆኖ ይዘጋብሃል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚያገለግለው ፍላሽ፣ ሚሞሪ ካርድ፣ ካሴት ነው።

ስለዚህ ሒሳቡን ሠራሁት። የስድሳ ደቂቃ ካሴት ሳይጨመቅ ሲገለበጥ 635 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ሰማንያው ካሴት 51 ጊጋባይት አይሞላም፤ አንድ የ64 ጊጋ ፍላሽ ይበቃዋል። የሚወደደው ሰዓቱ ነው፦ ካሴት የሚገለበጠው እየተጫወተ ስለሆነ ሰማንያ ሰዓት ቁጭ ብሎ መስማት ይጠይቃል። እኔ ይህን እንደ ኪሳራ አላየውም። ገልብጦ ሳያዳምጡ ፋይል ማከማቸት ካሴት ቤቱ መደርደሪያ ላይ የሆነውን መድገም ነው፤ እንደገና ፈላጊ ማሳጣት። ፍላሽም ቢሆን ለዓመታት ኤሌክትሪክ ካላገኘ የያዘውን ይረሳልና ሁለት ቦታ መቀመጥ አለበት።

ካሴቶቹን ደግሞ በሦስት ከፈልኳቸው። በጥሩ ጥራት ዳግም የታተሙትንና ሽፋናቸው የጠፋውን እሰጣለሁ፤ እነሱን ማስቀመጥ ዕቃ ማብዛት ነው። ሽፋናቸው ያለና ሌላ ቦታ ያላገኘኋቸውን፣ ሽፋኑን ፎቶ አንስቼ፣ ስሞቹን በግዕዝ ፊደል ከሁሉም አጻጻፋቸው ጋር መዝግቤ አስቀምጣለሁ። ሦስተኛዎቹ ማንም ያላሳተማቸው ናቸው፦ በሠርግ ላይ የተቀዳ አዝማሪ፣ ውጭ አገር የሄደ ዘመድ በደብዳቤ ፈንታ የላከው ድምፅ። እነዚህ ዓለም ላይ አንድ ብቻ ናቸው፤ እነሱን የሚተካ ስትሪሚንግ አይመጣም። ሌላ እንዳይቀዳባቸው ጀርባቸው ላይ ያለችውን ፕላስቲክ ሰብሬያለሁ።

የቤት ካርቶን ያለው አንባቢ ቢኖር የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ከሦስተኛው ክፍል ጀምሩ። ማጫወቻው ዛሬ ይሠራል፤ ድምፁን ሰምቶ «ይሄ እገሌ ነው» የሚል ሰውም አለ። እኔ ቤት ያ ሰው አባቴ ነው። ያለፈው እሑድ የመጀመሪያውን ስናጫውት ሦስት ስም ነገረኝ፤ ጻፍኳቸው።