ገመዱ የማይመልሰው «ሰ»

የቤት ስቴሪዮ በሚወዱ ሰዎች ዘንድ አንድ እምነት አለ፦ ገመድ የራሱ ድምፅ አለው። መዳብ ሞቅ ያለና ወፈር ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ብር ደግሞ ጥርት ያደርጋል። ስለዚህ አዋቂ አድማጭ ሁለቱን ያቀላቅላል። ከማጫወቻው እስከ አምፕሊፋየሩ ብር፣ ከአምፕሊፋየሩ እስከ ስፒከሩ መዳብ፤ ትንሽ ከበደ ሲል ደግሞ ይገለብጠዋል። ልክ እንደ ወጥ ቅመም ማለት ነው።

ይህን እምነት በአንድ ሥራ ልፈትነው። የመረጥኩት ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ላይ የተረከውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ሙዚቃ ያልመረጥኩበት ምክንያት ቀላል ነው። የጊታር ድምፅ በእውነት ምን መምሰል እንዳለበት ሊያከራክረን ይችላል፤ አማርኛ የሚናገር ሰው ድምፅ ግን አያከራክረንም። ከልጅነታችን ጀምሮ ጆሯችን የሠለጠነው በሱ ነው።

መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ታሪኩ በአብዛኛው ያለው ምሥራቅ ጎጃም ነው። የፊታውራሪ መሸሻ ቤት የሚገኝባት ዲማ ከብቸና ብዙም አትርቅም። ከብቸና ወደ ሞጣ ሲኬድ ደግሞ ጉንደ ወይን መንገድ ላይ ናት። በዚያ አገር ትረካው በአብዛኛው ይደመጥ የነበረው በድንጋይ በሚሠራ፣ አንዲት ትንሽ ስፒከር ባላት ሬዲዮ ነው። ቀይና ነጭ ጃክ የለ፣ በብር የተለበጠ ገመድ የለ። እንዲያም ሆኖ አድማጩ ፊታውራሪ ሲቆጡ ደንግጧል፣ ጉዱ ካሣ ሲናገር ስቋል፣ ለሰብለ ወንጌል አልቅሷል።

ይህ የወጋየሁ ጥበብ የት እንዳለ ይጠቁማል። ጥበቡ ያለው በጊዜ አጠባበቁ ላይ፣ ድምፁን ከፍና ዝቅ በሚያደርግበት መንገድ ላይ፣ ከአንዱ ገጸ ባሕርይ ወደ ሌላው ሲሻገር በሚተወው ፋታ ላይ ነው። እነዚህ ነገሮች በጠባብ መንገድም ያልፋሉ። ዝምታን ለማስተላለፍ ውድ ገመድ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ገመዱ። እኔ በሙያዬ ሶፍትዌር ሠሪ ስለሆንኩ መለካት ይቀናኛል። ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ተራ የመዳብ ገመድ 5 ሜትር ብንዘረጋ፣ ደርሶ መልሱ 10 ሜትር ነው፤ የሚያሳየው ተቃውሞ 0.11 ኦም ገደማ ነው። በ8 ኦም ስፒከር ላይ ይህ የሚቀንሰው የድምፅ መጠን 0.1 ዴሲቤል አካባቢ ነው። ጆሯችን ግን ለውጥ መኖሩን ለማወቅ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 1 ዴሲቤል ይፈልጋል። ብርስ? ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ መዳብን የሚበልጠው በ6 በመቶ ገደማ ነው። ትንሽ ወፈር ያለ መዳብ መግዛት ልዩነቱን ያጠፋዋል፤ ያውም በብዙ ያነሰ ዋጋ።

የማቀላቀሉ ነገርም እዚህ ላይ ይፈርሳል። ገመዱ በእርግጥ የድምፁን ጠባይ የሚቀይር ከሆነ፣ ሥራው የማስተላለፍ ሳይሆን የመቀየር ሆኗል ማለት ነው። ለመቀየርማ አምፕሊፋየሩ ፊት ላይ ቤዝና ትሬብል የሚባሉ ሁለት ቁልፎች አሉ፤ በነፃ ይዞራሉ፣ ሳይወደድልን ሲቀር ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።

ገመድ ምንም አያመጣም ማለቴ ግን አይደለም። በጣም የቀጠነና የረዘመ ከሆነ ድምፅ ይበላል። መከለያ የሌለው የማጫወቻ ገመድ ከመብራት መስመር ጎን ሲያልፍ «እምምም» የሚል ድምፅ ይለቅማል። የዛገ ጃክ ይንጫጫል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ነፃ የሆነው ስህተት ነው፦ በአንደኛው ስፒከር ላይ ቀይና ጥቁሩን ገልብጦ ማሰር። ይህን ለማወቅ የወጋየሁ ትረካ ጥሩ መፈተኛ ነው። አንድ ሰው በአንድ ማይክሮፎን ፊት የተናገረው ስለሆነ፣ በሁለት ስፒከር ስናጫውተው ድምፁ መሃል ላይ፣ ስፒከር በሌለበት ቦታ መቆም አለበት። ካልቆመ፣ ወፍራምነቱ ጠፍቶ በክፍሉ ውስጥ ከተበታተነ፣ ገመዱ ተገልብጧል። ሌላ ገመድ ከመግዛታችሁ በፊት ይህችን ሞክሯት።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ግን አንድ ነገር ይጎድላል። እየተዘዋወሩ ከሚደመጡት ቅጂዎች ብዙዎቹ ላይ «ሰብለ» የሚለውን ስም ልብ ብላችሁ ስሙት። የመጀመሪያው ፊደል ደብዝዟል። «ሰ» አብዛኛው ጉልበቱ ያለው ከ4 ኪሎ ኸርዝ በላይ ነው። በመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ግን ጣቢያዎቹ በ9 ኪሎ ኸርዝ ልዩነት ስለሚደረደሩ ከ4.5 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለው ድምፅ አብዛኛው ይቀራል። ከሬዲዮ በካሴት የቀዳ ሰው ይህንኑ ጎዶሎ ነው የቀዳው። ካሴቱ ከካሴት ሲገለበጥ ሹክሹክታው ይጨምራል፤ የቴፑ ራስ ትንሽ ከዘመመ ደግሞ ከላይ የቀረችውም ቀጭን ድምፅ ትሄዳለች። በመጨረሻ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ፣ ፋይሉ እንዲያንስ ተብሎ እንደገና ይከረከማል። «ሰ» በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ጥቂት በጥቂት ተራግፋለች።

ታዲያ በዚህ ሰንሰለት መጨረሻ ላይ፣ በመጨረሻዋ ሁለት ሜትር ላይ፣ የብር ገመድ ብናስገባ ምን ይመለሳል? ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። ገመድ የደረሰውን ያደርሳል፤ ያልደረሰውን ከየት ያመጣል?

በገመድ ክርክር ላይ ያለኝ ቅሬታ ከገንዘቡ ይልቅ ጆሯችንን ወዴት እንደሚያዞረው ነው። የሰንሰለቱን መጨረሻ እንድናጠራ ያስተምረናል፤ ምንጩን ማን ይጠይቅ? ይህ ቅጂ ከየት መጣ? ከሬዲዮ የተቀዳ ነው ወይስ ከስቱዲዮው ቴፕ? ስንት ጊዜ ተገልብጧል? ቤቱ አሮጌ ካሴት ያስቀመጠ ሰው ካለ፣ ወደ ኮምፒውተር ከማስገባቱ በፊት የቴፑን ራስ በአልኮል ቢያጸዳና ዝንባሌውን ለዚያ ካሴት ቢያስተካክል፣ ከዚያም ሳይከረከም በሙሉ መጠኑ ቢያስቀምጠው፣ ከማንኛውም ገመድ የሚበልጥ ለውጥ ይሰማል። ያንን ቅጂ ለሌላ ሰው ሲሰጥ ደግሞ ለውጡ ከአንድ ሳሎን አልፎ ይሄዳል። ገመድ እንዲህ አይካፈልም።

ጥሩ ጆሮ ያላቸውን ሰዎች አከብራለሁ። ማታ ስልካቸውን ዘግተው አንድ ቅጂ ደጋግመው የሚሰሙ፣ በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን ቅንጣት ልዩነት የሚያሳድዱ ሰዎች ዛሬ ብዙ አይደሉም። እኔ የምለው ያንን ጆሮ ወደ ሌላኛው የሰንሰለቱ ጫፍ አዙሩት ነው። ከጃኩ ወደ ካሴቱ፣ ከካሴቱም ወደ ስቱዲዮው ቴፕ። ለቤቱ ግን ወፈር ያለ መዳብ ግዙ፣ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር እሰሩ፤ የተረፋችሁን ብር ንጹሕ ቅጂ ፈልጉበት። «ሰብለ» ሲባል «ሰ» ጥርት ብላ የምትሰማበትን።